አል አመራት ምን ትላለች?

ታክሲው ዋዲ አዳይን አልፎ በሁለቱ ጥቁር ተራሮች መሀል ሲገባ ብርቅነሽ የፊተኛውን ወንበር በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ሾፌሩ አሚን ሽማግሌ ነው፤ አነዳዱ ግን የሽማግሌ አይደለም። በሱና በተሳፋሪ መሀል የወጠራት ላስቲክ ነፋስ በገባ ቁጥር እየተነፋች መጥታ ብርቅነሽን ፊቷ ላይ ትለጠፍባታለች።

"በስመ አብ!" አለች ላስቲኩን እየገፋች። "ኮሮና ቢምረን ይሄ ሰውዬ አይምረንም።"

ፍሬሕይወት አልሳቀችም። ሁለቱም ኋላ ነው የተቀመጡት፤ መሀላቸው ላይ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተዋል፣ ያኔ ደንቡ እንደዚያ ነበር። ፍሬሕይወት ልብስ ሰፊ ናት። አፏን የሸፈነችበትን ጭምብል ከዲሽዳሻ፣ ከዐረብ ወንዶች ረጅም ቀሚስ፣ ቁራጭ ራሷ ነው የሰፋችው። የብርቅነሽንም የሰፋችላት እሷ ናት፤ በሐምሪያ ያሉት አበሾች ግማሾቹ አፋቸውን የሚሸፍኑት በሷ መርፌ ነው። ከሐምሪያ ከተነሱ ጀምሮ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች።

"ተቆጥተሽኛል" አለች ብርቅነሽ።

"አልተቆጣሁም፣ እትዬ። ሌባ ከተባልኩ ሌብነቴን በዓይኔ ልየው ብዬ ነው የመጣሁት።"

"እኔ መቼ ሌባ አልኩሽ?"

"'ይቺ ልጅ የአል አመራትን ቃል የት አድርሳው ነው' አላልሽም? በሰው ፊት? ከሌባ ምን ቀረው?"

ብርቅነሽ ላስቲኩን እንደገና ገፋች። እውነት ነው፣ ብላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓለም ሁሉ አፉን በጨርቅ በሸፈነበት በዚያ ዓመት፣ በዑማን ዋና ከተማ በመስከት ያሉ የኢትዮጵያ ሴቶች አንድ መረዳጃ ነበራቸው። ክርስቲያኗም እስላሟም በአንድ ላይ ነበሩ። ከበሽታው በፊት በበዓል ቀን ሁሉም ተጠራርተው ይሰበሰቡ ነበር። መሰብሰብ ሲከለከል ጊዜ ግን የመረዳጃው ዳኛ ወይዘሮ አበበች አንድ ዘዴ አመጣች፤ እያንዳንዱ ሰፈር አንዲት ሴት ይምረጥና ይላክ። ማትራህ መሀቡባን ላከች፣ በገበያው ጨርቅ ቤት የምትሠራውን። ሐምሪያ ብርቅነሽን ላከች፣ በየቤቱ እየዞረች የምታጸዳውን። አል አመራት ደግሞ ፍሬሕይወትን። እንደራሴ ይሏቸዋል፤ መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፣ እያደር ግን ማንም የሚስቅ ጠፋ።

ዳኛዋ ሌላም ደንብ አወጣች። በመጀመሪያው ቀን ሐምሪያ ካለ ፎቅ ጣራ ላይ ተቀምጠው ሁሉም "እኔ እኮ"፣ "እኔ ግን"፣ "እኔ ብሆን" ሲሉ ምንም ሳይወሰን ፀሐይ ጠለቀች። ወይዘሮ አበበች በጭብጨባ ጸጥ አሰኘቻቸውና "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ጣራ ላይ እኔ የሚባል ሰው የለም" አለች። ከዚያ ወዲህ እንደራሴዋ የምትጠራው በስሟ አይደለም፣ በሰፈሯ ነው። ዳኛዋ "ሐምሪያ ምን ትላለች?" ትላለች። ብርቅነሽ ትነሳለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ "ሐምሪያ እንዲህ ትላለች" ብላ ትቀመጣለች። በቃ። ያቺ ቃል እንደ መሐላ ነበረች።

የሚወስኑት በአንዲት ክፍል ጉዳይ ነው። መረዳጃው ሐምሪያ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይዟል። ሥራ ያለቀባት፣ አሠሪዎቿ ያሰናበቷት፣ አውሮፕላን እስክታገኝ መድረሻ የሌላት ሴት እዚያ ታርፋለች። በሽታው ሲመጣ ግን ክፍሏ ጭቅጭቅ ሆነች። የሳለች ሴት ትግባ ወይስ አትግባ? አል አመራት አትግባ አለች። የምትቆይበት ጊዜ ይጠር? አል አመራት ይጠር አለች። ከሐምሪያ ውጭ ያለች ትምጣ? አል አመራት ትቅር አለች። ማትራህም ሁልጊዜ ከአል አመራት ጋር ናት። ሐምሪያ ብቻዋን ትቀራለች። አሁን ደግሞ የመጨረሻው መጣ፤ ክፍሏ ተዘግታ ቁልፉ ለባለቤቱ ይመለስ ወይስ ይቆይ? ዓርብ ይወሰናል።

ብርቅነሽን እንቅልፍ የነሳት ይሄ ነው። አል አመራት ያሉት እህቶች ሁሉም ማለት ይቻላል በሰው ቤት የሚያድሩ ሠራተኞች ናቸው። ማዳሟ በሩን ከዘጋችባት አስፋልት ላይ ናት። ከሦስቱ ሰፈር ይቺን ክፍል አብዝታ የምትፈልግ አል አመራት ናት፤ ታዲያ እንዴት ነው በራሷ ላይ የምትፈርደው? ብርቅነሽ ነገር ከያዛት አትለቅም። ልጆቿ አድገው፣ ሴቷ ደሴ ትዳር ይዛ ወንዱ መምህር ሆኖ እንኳ፣ በስልክ "ምን በላችሁ?" ብላ አታበቃም፣ "ከማን ጋር? ወጡን ማን ሠራው?" ትላለች። እና ባለፈው ጠየቀች፣ በሰው ፊት፣ ትንሽ በሾለ አፍ። ፍሬሕይወትም እንባዋ እየመጣ "እያንዳንዷን ደውዬ ነው የምጠይቀው! ካላመንሽኝ አብረን ሄደን ጠይቂያቸው!" አለቻት።

ይኸው እየሄዱ ነው።

አሚን በመስታወቱ አያቸው። "ሹ ሙሽኪላ?" አለ፣ ጸባቸው ምን እንደሆነ ለማወቅ።

ብርቅነሽ በተሰባበረ ዐረብኛ ልታስረዳው ሞከረች። እኛ መጅሊስ አለን፣ ይቺ የአል አመራት ወኪል ናት፣ እኔ የሐምሪያ።

"የሴቶች መጅሊስ!" ሽማግሌው ሳቀና መሪውን ለቆ አጨበጨበ። ብርቅነሽ ዓይኗን ጨፈነች። "እና የአል አመራቷ ወኪል የት ነው የምትኖረው?"

"ሐምሪያ" አለች ብርቅነሽ።

አሚን "ሀ" ብቻ አለና መሪውን ያዘ። ፍሬሕይወት ፊቷ ቀላ።

"ሱቁ ተዘግቶብኝ ነው" አለች ለብርቅነሽ፣ ሳትጠየቅ። "አል አመራት ገበያው ውስጥ ሰባት ዓመት የሰፋሁት እኔ አይደለሁም? የሁሉንም ቀሚስ በእጄ ለክቼዋለሁ፣ ለዚያ ነው የመረጡኝ። ኮሮና ሲመጣ ባለሱቁ ዘጋ፣ ሐምሪያ ወዳለው ሱቁ አዛወረኝ። አሁን ከሱቁ ኋላ ነው የማድረው፣ ብቻዬን። አብራኝ የነበረችው ልጅ በክረምቱ በረራ አገሯ ገባች። አልጋዋን እንኳ ለሰው አልሰጠሁም፣ ጨርቅ ነው የከመርኩበት።"

"ማን ጠየቀሽ?"

"ዓይንሽ ይጠይቃል፣ እትዬ።"

ብርቅነሽ ሳቋ አመለጣት። ፍሬሕይወትም ሳትወድ ጭምብሏ ውስጥ ፈገግ አለች።

አል አመራት ተራራው ሲያልቅ ዘርጋ ብሎ ይጠብቃል። ነጫጭ ቤት፣ ረጅም አጥር፣ ትልቅ የብረት በር፣ በየበሩ የቆመ መኪና። መንገድ ላይ ሰው የለም። ጥቅምት ገብቶ ሙቀቱ ገና አልበረደም። አሚን ሐሪስ የሚሉት ዘበኛ የሌለበት መስጊድ ጥግ አወረዳቸውና ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የሰዓት እላፊው ስለሚጀምር ከዚያ በፊት መጥቶ ሊወስዳቸው ተስማሙ። እነሱም ከአንድ አጥር ማዶ ቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሙ።

"ያ ቤት የመዲና ነው" አለች ፍሬሕይወት። መዲና የወሎ ልጅ ናት፣ አንዲት አሮጊት ለማስታመም የመጣች። "አሁን እደውልላታለሁ። አንቺም በጆሮሽ ስሚ።" ስልኩን አወጣች፣ ድምፁን ከፍ አደረገች።

"ሄሎ፣ መዲና?"

"አቤት፣ እት ፍሬ።"

"ደህና ነሽ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።"

"ሥራው?"

"አልሐምዱሊላህ።"

"ዓርብ እንግዲህ የክፍሏን ነገር እንወስናለን። ትዘጋ የሚሉ አሉ፣ ትቆይ የሚሉ አሉ። አንቺ ምን ትያለሽ?"

ትንሽ ዝም ሆነ። ከኋላ ሳህን ሲጋጭ ይሰማል።

"እናንተ እንዳያችሁት" አለች መዲና። "እኔ ደህና ነኝ እኮ።"

"እንዝጋው ብንል ቅር ይልሻል?"

"ኧረ ምን ቅር ይለኛል።"

ከኋላ የሴት ድምፅ በዐረብኛ "ማነው?" አለ። "እህቴ ናት፣ ማዳም" አለች መዲና፣ ስልኩም ተዘጋ።

ፍሬሕይወት ወደ ብርቅነሽ ዞረች። አገጯን ቀና አድርጋለች። "ሰማሽ? ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉኝ። ደህና ነን፣ እንዳያችሁት። ደህና ከሆኑ ክፍሉን ምን ያደርጉታል ብዬ ነው ይዘጋ የምለው። በምን ዋሸሁ?"

ብርቅነሽ ግራ ገባት። ልጅቷ አልዋሸችም። እንደተባለው ደውላለች፣ እንደሰማችው ተናግራለች። ታዲያ ለምንድን ነው ሆዴ እሺ የማይለኝ? አለች በልቧ። ያቺ "ምን ትያለሽ" ሲሏት ዝም ያለችው ዝምታ ጆሮዋ ላይ ቀርታለች።

"ትንሽ እንቆይ" አለች።

"ምን እንጠብቃለን?"

"እኔ እንጃ። ቆሻሻ የሚወጣበት ሰዓት ደርሷል፣ ቢያንስ ዓይኗን አይቻት ልሂድ።"

ብርቅነሽ ራሷ ሲብ በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት ስታድር ብዙ ዘመን ቆይታለች። ከዐስር ሶላት በኋላ ሠራተኛ ሁሉ የቆሻሻ ከረጢት ይዞ እንደሚወጣ ታውቃለች። ፍሬሕይወት ግን በሰው ቤት አድራ አታውቅም፤ በስፌት ቪዛ መጥታ ከሱቅ ሱቅ ነው የኖረችው። የቆሻሻ ሰዓት የሚባል ነገር መኖሩንም ያን ቀን ነው የሰማችው።

ብዙ አልቆዩም። የብረቱ በር በትንሹ ተከፈተና መዲና ጥቁር ከረጢት ይዛ ወጣች። ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ ልጅ ናት። ከዛፉ ሥር ያሉትን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች። ወደ በሩ ዞራ አየች። ከዚያ መንገዱ ጥግ ወዳለው ትልቅ የቆሻሻ ገንዳ ሄደች፣ በእጇም ኑ አለቻቸው።

"እት ፍሬ! እዚሁ ሆነሽ ነው የደወልሽው?" ድምጿ የሌላ ሰው ሆኗል። "አላህ ነው የላከሽ። ክፍሏ አለች አይደል? እንዳትዘጓት! አሮጊቷ በነሐሴ ሞተችብኝ እኮ፣ ይሄው በሽታ ወሰዳት። ጌታው ከሥራ ተቀንሷል። ቤቱን አከራይተው ኒዝዋ ከተማ እናቱ ጋ ሊገቡ ነው። ቅዳሜ ይለቁኛል፣ ቅዳሜ! በረራ ደግሞ ተራ ጠብቂ ነው የሚሉት። የት ልደር?"

ፍሬሕይወት በእጇ የያዘችውን ስልክ አየች። "አሁን… አሁን በስልክ ደህና ነኝ አላልሽኝም?"

"ማዳም እኮ አጠገቤ ቆማ ነበር! አማርኛ ባትሰማም ፊቴን ታነባለች። ካለቀስኩ ምን ሆንሽ፣ ማን ምን አለሽ ትለኛለች፤ ስልኬን ብትወስድብኝስ?" መዲና ከረጢቷን ወደ ገንዳው ወረወረች። "ደግሞስ ሰው ደህና ነሽ ወይ ሲል ሌላ ምን ይባላል? ደህና ነኝ ነው የሚባለው።"

"ቅር ይልሻል ወይ ስልሽስ?"

"በሰው ገንዘብ፣ በሰው ክፍል፣ አዎ ቅር ይለኛል ብዬ ልቀመጥ? አፈርኩ።"

ሌላ በር ተከፈተ። አንዲት ወፍራም ሴት ሁለት ከረጢት ይዛ እየተንጎራደደች መጣች፤ ብርቅነሽ አታውቃትም፣ አበሻ መሆኗን ግን ከአረማመዷ አወቀች። መዲና ፍሬሕይወትን እያመለከተች ለሴትየዋ በሹክሹክታ "እንደራሴዋ ናት" አለቻት። ሴትየዋ ፍሬሕይወትን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"አንቺ ነሽ? ቀሚሴን በወገቡ ያጠበብሽብኝ?"

"እኔ ነኝ፣ ብርሃኔ።"

"ክፍሏንም አጠበብሻት አሉ። እዚህ ጋ ቁመሽ ብትጠይቂን ኖሮ ስንት ወሬ ትሰሚ ነበር። የኛ ጉባኤ ገንዳው ነው፣ እህቴ።" ከረጢቶቹን ጣለችና ሳትቆም ተመለሰች። ስትሄድ ጮክ ብላ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር፣ "አትዝጉ!" አለች።

ከግቢው ውስጥ "መዲና! ያላ!" የሚል ድምፅ መጣ። መዲና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ፊቷን አስተካከለች፤ ብርቅነሽ በዓይኗ እያየች ያ የሚለምን ፊት ተጣጥፎ ገባና ደህና የሆነ ፊት ወጣ። ልጅቷ ሮጣ በሩን ዘጋችው።

አሚን ሲመጣ ሁለቱም ተሳፈሩ። ታክሲው ወደ ተራራው ሲወጣ ፍሬሕይወት ጭምብሏን በእንባ አርሳለች።

"ለእያንዳንዷ ደወልኩ፣ እትዬ። አንዲትም አልዘለልኩም። እግዜር ያየኛል።"

"ያይሻል። እኔም አየሁሽ። ክፉ ነገር ስላሰብኩ ይቅር በይኝ።"

"ደህና ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር እኮ! 'የኔ ሰፈር ደህና ነው' እያልኩ እተኛ ነበር።" አፍንጫዋን ጠረገች። ዞረች፣ ተንኮል በሌለበት ድምፅ፣ ለማወቅ ብቻ፣ "እትዬ፣ አንቺስ ሐምሪያን ስትጠይቂ እንዴት ነው የምትጠይቂያቸው? አስተምሪኝ" አለች።

ብርቅነሽ ጭምብሏን አስተካከለች።

"ሐምሪያማ… አብሬያቸው ነው የምኖረው። አውቃቸዋለሁ።"

"እሱማ አዎ። ስትጠይቂያቸውስ?"

ላስቲኩ ተነፍቶ መጣና ፊቷ ላይ ተለጠፈ። ብርቅነሽ አልገፋችውም።

በማግስቱ ሐምሪያን ጠየቀች። ከክፍል ጓደኛዋ ከባዩ ጀመረች። ባዩ ጎንበስ ብላ ጎመን እያጠበች ነበር።

"ባዩ፣ ያቺ የመረዳጃዋ ክፍል ትዘጋ ወይስ ትቆይ ትያለሽ?"

"ምን አዲስ ነገር መጣ?"

"እስቲ ዝም ብለሽ ንገሪኝ።"

"ትዘጋ።"

ብርቅነሽ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። "እንዴ! ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?"

"ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?" ባዩ ጎመኑን አራገፈችው። "አንቺ ደሞ ማለዳ ተነስተሽ ስትሰግጂ እያየሁ፣ ለማንም ስትራሪ እያየሁ፣ 'እኔ ፈርቻለሁ፣ ዝጉልኝ' እንዴት እልሻለሁ? ደግ ሰው ፊት ክፉ ነገር አይወጣም።"

ብርቅነሽ ወደ ደረጃው ወጣች። የመረዳጃዋ ክፍል ያለችው በሚቀጥለው ሕንፃ ነው። ሜሮን ከፊት ለፊቷ ነው የምትኖረው፣ ከባሏና ገና ዳዴ ከሚል ልጇ ጋር። ልጁን ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች፣ ግቢ አላለቻትም። ያኔ ማንም ማንንም ግቢ አይልም ነበር።

"እትዬ፣ በሰኔ ያቺ የእጅ አምባር የታሰረላት ልጅ ትዝ ትልሻለች? በሽታው ያለበትን ለመከታተል መንግሥት እጅ ላይ የሚያስረው? ሐሪሱ ደረጃው ላይ አይቷት ለባለቤቱ ተናገረ። ባለቤቱም ሁለተኛ እንዲህ ያለ ሰው ካየሁ ፎቁን በሙሉ አስወጣለሁ አለ። ልጄን ይዤ የት እገባለሁ? እኔ የማንም ጠላት አይደለሁም።"

ብርቅነሽ የመዲናን ነገር ነገረቻት፤ ስለ አሮጊቷ፣ ስለ ቅዳሜ። ሜሮን አዘነች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልጇን ወደ ደረቷ አጥብቃ "ታሳዝናለች፣ እናቷን! ክፍሏ ግን ትዘጋ" አለች።

ባቃላ የሚሉት ሱቅ በር ላይ ያገኘቻቸውም፣ ልብስ ስታሰጣ በጣራ ያየቻትም፣ አንዳንዷ እየተሳቀቀች አንዳንዷ ፍርጥም ብላ፣ ያንኑ አሉ። ሁለቱ ብቻ ትቆይ አሏት። ብርቅነሽ ለሠርክ ጸሎት ስትቆም ቃሉ አልመጣ አላት። ጌታዬ፣ ለደግ ነገር ብዬ አይደል? አለች። እስከ ዛሬ "ሐምሪያ ትላለች" ስል የነበረው ማን ነው?

ዓርብ ከሰዓት ጣራው ላይ ወጡ። ወይዘሮ አበበች በውኃ ታንከሮቹ መሀል የፕላስቲክ ወንበሮች አራርቃ አስቀምጣለች፤ በእጇ ያ የሚሸት አልኮል የያዘ ጠርሙስ አለ። እያንዳንዷ ስትደርስ እጇን ታስዘረጋና ትረጫታለች፣ እንደ ጸበል።

"ነገሩን ታውቁታላችሁ" አለች። "ቁልፉ ይመለስ ወይስ ይቆይ። ማትራህ ምን ትላለች?"

መሀቡባ ተነሳች። "ማትራህ ይመለስ ትላለች። የገበያው ሴቶች አንድ ላይ ሆነን ተማክረናል፤ ፈርተናል።"

"አል አመራት ምን ትላለች?"

ፍሬሕይወት ተነሳች። "አል አመራት ይቆይ ትላለች።"

መሀቡባ ቀና አለች። ዳኛዋም ጠርሙሷን አስቀመጠች። "ይቆይ?"

"ይቆይ፣ ዳኛዬ። ድሮም ይቆይ ነበር የምትለው። እኔ ነኝ ያልሰማኋት።"

ጣራው ላይ አየሩ ተለወጠ። ሐምሪያ ምን እንደምትል ሁሉም ያውቃል፤ ሐምሪያ ሁልጊዜ ይቆይ ነው። ሁለት ለአንድ። ፍሬሕይወት ወደ ብርቅነሽ አየች፣ ዓይኗ እየሳቀ። መዲና ዳነች ማለት ነው።

"ሐምሪያ ምን ትላለች?"

ብርቅነሽ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች። የመዲና ያ ተጣጥፎ የገባው ፊት መጣባት። ሜሮንም መጣች፣ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ። አንዲት ቃል ናት፤ ይቆይ ብትል ማን ይጠይቃታል? ማንም። እግዜር እንኳ ምናልባት ይቅር ይላል፣ ለደግ ነገር ነው። ግን ሐምሪያ ነኝ ካለች ሐምሪያን መሆን አለባት። ባለፈው ሌላዋን ሌባ ልትል የደረሰችው በዚሁ አልነበር?

"ሐምሪያ…" አለች። "ሐምሪያ ይመለስ ትላለች።"

ታች መንገድ ላይ መኪና ጡሩምባ ነፋ።

"እትዬ!" አለች ፍሬሕይወት።

"ጠየቅኳት፣ ፍሬ። አንቺ ነሽ ጠይቂ ያልሽኝ። ይመለስ አለችኝ።"

ወይዘሮ አበበች ዓይኗን አጥብባ አየቻት። "ታዲያ እስከ ዛሬ እዚህ እየተነሳች ይቆይ ስትል የነበረችው ማናት?"

"ብርቅነሽ ነበረች፣ ዳኛዬ።"

"ብርቅነሽ የምትባል እዚህ ጣራ ላይ የለችም።"

"አሁን ገባኝ።"

ዳኛዋ እጇን አጨበጨበች፣ ቀስ ብላ። "ኻላስ፣ አለቀ። ቁልፉ ይመለሳል። አሁን እኔ ማለት ይቻላል። እኔ አዝኛለሁ።"

ብርቅነሽ ተቀመጠች። ነገ የምትለቀቀውን ልጅ እያሰበች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። መሀቡባ "ያ ረቢ" አለች በለሆሳስ።

ፍሬሕይወት ግን አልተቀመጠችም። ጥግ ላይ እንደቆመች ወደ ታች፣ ወደ ስፌት ሱቁ ጣራ፣ ታያለች። አንድ ነገር እያሰላች ነው፤ ጨርቅ ስትለካ እንደምታደርገው ከንፈሯን ትነክሳለች።

"እኔ ማለት ይቻላል አልሽ አይደል፣ ዳኛዬ?"

"ይቻላል።"

"ክፍሌ ወደ መንገድ የሚወጣ የራሷ በር አላት፣ ደረጃም ሐሪስም የላትም። አሠሪዬን ዛሬውኑ አስፈቅዳለሁ፤ እሱ አይከለክለኝም። አንድ አልጋ አለ። ጨርቅ ነው የከመርኩበት።" ወደ ሱቁ በእጇ አመለከተች። "በክረምቱ በሙሉ ጨርቅ! የአል አመራት እንደራሴ ነኝ እያልኩ።"

ብርቅነሽ ስለ አልጋው ያን ቀን በታክሲ ውስጥ ሰምታ ነበር። እሷም አላሰበችውም። "ጨርቁን የት ታደርጊዋለሽ?" አለች፣ እንባዋን እየጠረገች፤ አመሏ ነው፣ ካልጠየቀች አይሆንላትም።

"ያንቺ አልጋ ሥር።"

"ባዩ ትገድለኛለች።"

"ጠይቂያታ!"

መሀቡባ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም።

ቅዳሜ ዐስር ሰዓት ላይ የአሚን ታክሲ ፍሬሕይወትንና ብርቅነሽን ይዞ ያ የብረት በር ፊት ቆመ። መዲና አንዲት ሻንጣ ይዛ ውጭ ቆማ ነበር። ማዳሟም አብራት ወጥታለች፤ ጥቁር ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗ ያበጠ። የሞተችው አሮጊት የማዳሟ እናት ነበረች። መዲናን በሩቁ በእጇ ባረከቻት፣ በፌስታል የታሰረ ተምርም አቀበለቻት። "ደህና ናት፣ ጎበዝ ልጅ ናት" አለች ለፍሬሕይወት በዐረብኛ። ክፉ ሴት አልነበረችም።

መዲና ኋላ መሀል ገባች፤ ደንቡን ያን ቀን ማንም አላስታወሰ፣ አሚንም አይቶ እንዳላየ ሆነ። ጥጉ ላይ ያለውን ገንዳ ሲያልፉ ብርሃኔ ከረጢቷን እንደያዘች ቆማ አየቻቸው። እጇን አላነሳችም፣ አገጯን ብቻ ነቀነቀች።

ተራራው ጋ ሲደርሱ ፍሬሕይወት ወደ መዲና ዞረች።

"ደህና ነሽ?"

"አልሐምዱሊ—" ብላ ጀመረች መዲና። ከዚያ አቆመች። ወደ ኋላ ዞረች፤ በሩ አይታይም፣ ቤቱም አይታይም፣ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። ፊቷ ቀስ ብሎ ተፈታ።

"ደህና አይደለሁም፣ እት ፍሬ" አለች።

"እሺ" አለች ፍሬሕይወት፣ ወደሷ ጠጋ እያለች። "ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ።"

ብርቅነሽም ላስቲኩን በእጇ ገፍታ ያዘችው፣ መስማት እንዳይከለክላት።